ድንጋዩ ያለቀበት ካባ ለዱር እንስሳት ደን ይሁን ወይስ ለቤትና ለሥራ? (የቡድን ክርክር)

አወያይ፦
በአዲስ አበባ ዳርቻና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ድንጋያቸው አልቆ ወይም ፈቃዳቸው አብቅቶ የተተዉ የድንጋይ ካባዎች አሉ። እነዚህ ቦታዎች ዛፍ ተተክሎባቸው ለአዕዋፍና ለዱር እንስሳት መጠለያ የሚሆን የከተማ ደን ይሁኑ ወይስ ለመኖሪያ፣ ለመጋዘንና ለወጣቶች ሥራ ይዋሉ? መከራከሪያችን ይህ ነው። ጥያቄውን ያመጡት በኬንያ ሞምባሳ የሚገኘውን፣ ከሲሚንቶ ፋብሪካ ካባነት ወደ ደን የተለወጠውን ሃለር ፓርክን በምሳሌነት ያነሱት መምህርት ስለሆኑ የመጀመሪያውን ቃል ለእርሳቸው እሰጣለሁ። አደራ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዛፍ ጥሩ መሆኑን የሚክድ ሰው እዚህ ስለሌለ በእርሱ ላይ ጊዜ አናጥፋ።

የሥነ ሕይወት መምህርት፦
አመሰግናለሁ። ከሞምባሳ በስተሰሜን ባምቡሪ በተባለው የባሕር ዳርቻ ያለው የሲሚንቶ ፋብሪካ ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ሲሆን፣ ጥሬ ዕቃው ከጥንት የኮራል ክምችት የተፈጠረ የኖራ ድንጋይ ነው። ቁፋሮው ትቶት የሄደው አፈር የሌለው፣ ፀሐይ የሚያነድደው፣ ጨዋማው የከርሰ ምድር ውሃ ከወለሉ ብዙም የማይርቅበት ሰፊ ጉድጓድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 የኩባንያው ባልደረባ የነበሩት ስዊዘርላንዳዊው የግብርና ባለሙያ ሬኔ ሃለር በዚያ ወለል ላይ 26 ዓይነት ዛፎችን ሞክረው የተረፉላቸው 3 ብቻ ናቸው፤ ሸውሸዌ፣ ኮኮናትና ኮኖካርፐስ የተባለ ከሶማሊያ አካባቢ የመጣ ዛፍ።

ሸውሸዌ በሥሩ ከሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ጋር ተባብሮ ናይትሮጅንን ከአየር ስለሚያገኝ አፈር በሌለበት መቆም ችሏል። ሆኖም የሚረግፈው መርፌ መሰል ቅጠል ታኒን የተባለ መበስበስን የሚያዘገይ ንጥረ ነገር የበዛበት በመሆኑ ሳይበሰብስ ተከመረ፤ ቅጠሉ ካልበሰበሰ ደግሞ ለሌላ ዛፍ የሚሆን አፈር አይኖርም። ይህን ችግር የፈታው ከውጭ የተገዛ ማዳበሪያ አልነበረም። በአካባቢው የሚገኘውን ቀይ እግር ያለው ሺ እግር ሰብስበው ወደ ካባው ሲያስገቡት ደረቁን ቅጠል እየበላ በኩሱ አፈር ሠራላቸው። ከዚያ በኋላ ሸውሸዌው እየሳሳ ለእንጨት ሲውል ሌሎች ዛፎች በቦታው ገቡ፤ የዓሣ ኩሬዎች ተቆፈሩ፤ ወፎች፣ ቀጭኔዎች፣ ጎሾችና ጉማሬዎች ተከተሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 ለጎብኚዎች ተከፈተ፤ ሃለርም በ1987 ከተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም «ግሎባል 500» የተባለውን ሽልማት አገኙ። ብዙዎቻችሁ ቦታውን በስሙ ባታውቁት እንኳ በእንስሳቱ ታውቁታላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ በሱናሚው ሰሞን ከመንጋው ተነጥሎ የተገኘው ኦወን የተባለ የጉማሬ ግልገል 130 ዓመት ገደማ ይሆነዋል ከተባለው ምዜ ከተሰኘው ኤሊ ጋር የተላመደው እዚያ ነው።

ሐሳቤ ይህ ነው። አፈር በሌለው ኖራ ላይ ደን ማውጣት ከተቻለ፣ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚያገኘው ደጋችን ላይ፣ ሲፈራርስ ለም አፈር በሚሰጠው ባዛልት ላይ፣ አይቻልም የሚል ክርክር ቢያንስ ከሥነ ሕይወት በኩል መነሻ የለውም።

የድንጋይ ማኅበር አባል፦
መምህርት፣ ስለ ሺ እግሩ የነገሩን በጣም ደስ ይላል፤ ይሁን እንጂ ጥያቄው ከመጀመሪያው የተቀመጠው በተሳሳተ ቦታ ነው እላለሁ። ካባ «አለቀ» የሚባለው ለማን ነው? ድማሚት አፈንድቶ በክሬሸር ለሚፈጭና በሲኖትራክ ለሚጭን ድርጅት ድንጋዩ አያዋጣም ማለት፣ በመዶሻና በፍልጥ ለሚሠራው ሰው አለቀ ማለት አይደለም። ትልቁ ድርጅት ከሄደ በኋላ ከዳርና ከዳር የቀረውን ለግንብና ለኮብልስቶን የምንፈልጥ፣ ከሥር የወደቀውን ገረጋንቲ ለሰፈር መንገድ የምንሸጥ ሰዎች አለን፤ አብዛኞቻችን ሌላ ሙያ የለንም። የተተወ ቦታ እያላችሁ የምትናገሩለት ለእኛ የሥራ ቦታችን ነው። ደን ሲሆን የመጀመሪያው ሥራ አጥር ማጠር ነው፤ አጥሩ ደግሞ መጀመሪያ የሚያስቀረው ጅብ ሳይሆን እኛን ነው። ሃለር ፓርክ ከመከፈቱ በፊት ባምቡሪ ላይ በእጁ ድንጋይ የሚፈልጥ ሰው ነበረ ወይ ብዬ ብጠይቅ አግባብ ይመስለኛል፤ የኩባንያው የራሱ ጉድጓድ ነበርና የሚነሳ ሰው አልነበረም።

የካባው ጎረቤት፦
ጋሼ አወያይ፣ እኔ የምናገረው እንደ እናት ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር እነዚህ ጉድጓዶች ውሃ ያቁራሉ፤ ልጆች ሊዋኙ ይገባሉ፤ ሳይወጡ የሚቀሩ አሉ። የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን በየክረምቱ ውሃ ያቆሩ ጉድጓዶችን እንድንጠነቀቅ ያሳስበናል፤ ጉድጓዱ ግን እንዳለ ነው። አሁን ደግሞ በዚያው ላይ ጥሻ ይጨመር ትላላችሁ። ጅብ እንኳንስ ዋሻና ጥሻ አግኝቶ እንዲሁም ከደጃችን አይጠፋም፤ ሌባ የሚደበቅበትም ይሆናል። ደን አልጠላም፤ በማታ ከሥራ የምመለሰው ግን በዚያ በኩል ነው።

ሌላ ተሳታፊ፦
ጉድጓዱ ራሱ ነው ችግሩ። ታዲያ ቆሻሻ እየተደፋበት ሞልቶ፣ ተስተካክሎ፣ ቤት ቢሠራበት ሁለት ችግር ባንድ ጊዜ አይፈታም?

ሲቪል መሐንዲስ፦
ይህ ሐሳብ ሥር ከመስደዱ በፊት መልስ ልስጥበት። በባዛልት አካባቢ ያለ ካባ ወለሉ በተፈጥሮውና በድማሚቱ የተሰነጣጠቀ ስለሆነ ከቆሻሻ የሚወጣው ፈሳሽ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ የሚወርድበትን መንገድ አያጣም። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ብዙው ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣ መሆኑን የሚያውቅ ሰው በከተማዋ ካባዎች ላይ ቆሻሻ ይደፋ ብሎ አይመክርም። ሌላም አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ ተራራ ያከለው ቆሻሻ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን የገደለው፣ ቆሻሻ እንደ አፈር ተጠቅጥቆ የሚረጋ ነገር ስላልሆነ ነው። በተሞላ ጉድጓድ ላይ የቆመ ቤት ወለሉ አንዱ ጥግ ላይ ሰምጦ ሌላው ላይ ይቀራል፤ ከሕንፃ ፍርስራሽና ከተቆፈረ አፈር የተሞላ ቢሆንም በየንብርብሩ ካልተጠቀጠቀ ልዩነቱ ብዙ አይደለም።

ሳይሞላ ወለሉ ላይ ቢሠራስ? ወለሉ ጤናማ ባዛልት ከሆነ ለመሠረት ከብዙ የአዲስ አበባ ጥቁር አፈር ይሻላል፤ ይህን መካድ አልፈልግም። የሚያስቸግረው ውሃው ነው፤ ጉድጓዱ መውጫ ስለሌለው የክረምቱን ጎርፍ በፓምፕ ካላወጡት በቀር ሰፈሩ ኩሬ ውስጥ ይቀመጣል። ከላይ ደግሞ በፍንዳታ የላላ ገደል አለ። ይህን ሁሉ አስተካክሎ ቤት መሥራት ይቻላል፤ ግን «ርካሽ መሬት አገኘን» ተብሎ የተጀመረው በከተማው ውድ ቤት ሆኖ ያልቃል። ስለዚህ ከመኖሪያው ወገን አይደለሁም። መጋዘንና የተሽከርካሪ ማቆሚያ ግን ከደኑ ያነሰ ጥቅም አላቸው የሚለውን ገና ማንም አላሳመነኝም።

የአርሶ አደር ልጅ፦
ሁላችሁም የምትናገሩት ቦታው ባለቤት እንዳልነበረው ነው። ካባ ከመሆኑ በፊት የጤፍና የስንዴ ማሳ፣ የከብት መሰማሪያ ነበር፤ አባቶቻችን ካሳ ተቀብለው ሲነሱ «ለልማት» ተብለው ነው። መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ባለቤት ነኝ ብዬ አልከራከርም፤ ነገር ግን ልማቱ ካበቃ በኋላ መሬቱ ወደ ማን እንደሚመለስ የሚጠይቅ ሰው መኖር አለበት። የከተማ ሰው ቅዳሜና እሁድ ወፍ የሚያይበት ቦታ እንዲሆን የእኛ ሰው ከብቱን አስሮ መግቦ መኖር ካለበት፣ ቢያንስ ከደኑ ሥር የሚበቅለውን ሣር አጭዶ የመውሰድ መብት ይጻፍለት። ይህ ካለ እኔ ከደኑ ጋር ጠብ የለኝም።

የደን ባለሙያ፦
ስለ ሣሩ የተባለው ከብዙ ሌሎች ንግግሮች ይልቅ ለደኑ ይበጃል። ከብት ገብቶ ከሚግጥ ታጭዶ ቢወጣ ችግኙ ይተርፋል፤ የሣሩ ተጠቃሚ ደግሞ ሳይከፈለው የደኑ ጠባቂ ይሆናል።

ወደ መምህርት ልመለስ። የሞምባሳው መርሕ ትክክል ነው፤ ዛፉ ግን ለእኛ አይሆንም። ሸውሸዌ የሞቃት ባሕር ዳርቻ ዛፍ ነው፤ እኛ ያለነው በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ነው። በየተራራችን ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ማንም ሳይተክለው የሚወጣው ክትክታ ነው፤ ስለዚህ ካባው ላይ ግንባር ቀደም እንዲሆን የምመርጠው እርሱን ነው። ከክትክታ ጎን ኮርች ይግባ፤ አገራችን ብቻ የሚገኝ ዛፍ ከመሆኑ በላይ ናይትሮጅን ይይዛል፤ ቅርንጫፉን ቆርጦ በመትከልም ይበቅላል። ግራር፣ ቀጨሞና አጋም ከዚያ ይከተላሉ። ወይራና ጥድ ጥላና ጥቂት አፈር ካገኙ በኋላ፣ ዝግባ ደግሞ ከሁሉም በኋላ ነው። በመጀመሪያው ክረምት ዝግባና ጥድ ተክሎ ፎቶ ተነሥቶ መሄድ በአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ወቅት በየቦታው ያየነው ልማድ ነው፤ ችግኙ የሚሞተው ስለተጠላ ሳይሆን ተራው ሳይደርስ ስለተተከለ ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ዲከረንስ የተባለው የአውስትራሊያ ግራር ይተከል ይላሉ። ናይትሮጅን ይይዛል፤ ፈጥኖ ያድጋል፤ የአዊ ገበሬዎች ከሰል እያከሰሉ ኑሯቸውን ለውጠውበታል። ለከሰል ከሆነ እኔም እደግፋለሁ። ለወፍና ለእንስሳ ግን የአውስትራሊያ ዛፍ ብቻውን የቆመበት ቦታ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በባሕር ዛፍ የተሸፈነውን እንጦጦን ማየት ይበቃል።

የሥነ ሕይወት መምህርት፦
በዛፍ ምርጫው እስማማለሁ፤ በዲከረንስ ላይ ግን ትንሽ ጠንክረዋል። ባምቡሪ ላይ ሸውሸዌው ራሱ መሸጋገሪያ ነበር፤ ሥራውን ሲጨርስ ተቆርጦ ለሌላው ቦታ ለቋል። እዚህም ጥቂት ረድፍ ዲከረንስ ለ6 ወይም ለ7 ዓመት አቁሞ እንጨቱን ለማኅበሩ አባላት መስጠት የሚቻል ይመስለኛል፤ ከላይ ለተነሣው የሥራ ጥያቄም ከፊል መልስ ይሆናል።

አሁን ለመሐንዲሱ አንድ ጥያቄ አለኝ። «በፍንዳታ የላላ ገደል» ያሉት ሁሉ ተስተካክሎ ተዳፋት ይሁን ማለትዎ ነው? ይህ ከሆነ ካባው ከሌላው መናፈሻ የሚለይበትን አንድ ነገር እናጠፋለን። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማትገኘው አንገተ ነጭ ርግብ፣ ጉጉቱ፣ ትልቁ ቁራ፣ ጭላቱ የሚፈልጉት ቀጥ ያለ ገደል ነው፤ በከተማችን ሕንፃ ጣሪያ ላይ የሚሰፍሩት ገደል አጥተው ነው።

ሲቪል መሐንዲስ፦
ገደሉ ሁሉ ይናድ አላልኩም። ሰው በሚደርስበት በኩል የላላው ድንጋይ መውረድ፣ ግድግዳውም በእርከን መከፈል አለበት፤ ይህ ለድርድር አይቀርብም። ሰው በማይደርስበት በኩል አንዱ ግድግዳ ለወፎቹ ቢቀር፣ ከሥሩና ከአናቱ በእሾህ ቁጥቋጦና በአጥር ከተዘጋ፣ ተቃውሞ የለኝም። ኩሬውም እንዲሁ ነው። ሙሉ በሙሉ ይደፈን የሚለው ውሃው ወዴት ይሂድ ለሚለው መልስ አይሰጥም። ዳሩ በገረጋንቲ ተሞልቶ ቀስ እያለ የሚጠልቅ ከሆነ የገባ ልጅ በእግሩ ይወጣል፤ ከመጠን በላይ የሆነው ውሃ በቦይ ይወርዳል። ልጆች የሚሞቱት የካባ ውሃ ከዳሩ ጀምሮ በአንዴ ጥልቅ ስለሚሆንና የጭቃው ግድግዳ ስለሚያንሸራትት ነው።

የከተማ ፕላን ባለሙያ፦
እስካሁን ስለ ዛፍ፣ ስለ ገደልና ስለ ኩሬ የተባለው መልካም ነው፤ ወሳኙ ነገር ግን አልተነካም። ባምቡሪ ላይ ደኑን ያቆመው ዛፉም ሺ እግሩም ብቻ አይደለም። ጉድጓዱን የቆፈረው ኩባንያ ሲሚንቶ እየሸጠ፣ አንድን ባለሙያ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት በደመወዝ አቆይቶ፣ 26 ዓይነት ሞክሮ 23ቱ ሲሞቱበት የሚከፍል ሆኖ ስለተገኘ ነው። ያ ሁሉ ሙከራ በእኛ የበጀት ዓመት ቢሆን ኖሮ በሐምሌ ተተክሎ በቀጣዩ ሰኔ ሪፖርት ተደርጎበት ፋይሉ ይዘጋ ነበር። በመንግሥት ገንዘብም የተሠራ አለ፤ ፓሪስ የጂፕሰም መቆፈሪያና ቆሻሻ መጣያ የነበረውን ቡት ሾሞን የተባለውን ቦታ እ.ኤ.አ. በ1867 መናፈሻ አድርጋ ከፍታዋለች፤ ያ ግን ንጉሠ ነገሥቱ ከጀርባው የቆሙለት፣ የሚያዝበት ገንዘብ የነበረው አስተዳደር ሥራ ነው፤ ለዱር እንስሳትም የታሰበ አልነበረም። የግሉም ቢሆን ዘላለማዊ ዋስትና የለውም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የባምቡሪ ሲሚንቶ አብላጫ ድርሻ ለታንዛኒያው አምሶንስ ቡድን ተሽጧል፤ ባለቤት በተለወጠ ቁጥር የደኑ ወጪ በአዲሱ ሰው በጎ ፈቃድ ላይ ይወድቃል።

የእኛ ሕግ በዚህ ላይ ዝም አላለም። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 የምርት ፈቃድ ያለው ሰው በአካባቢው ላይ ላደረሰው ጉዳት ማገገሚያ የሚሆን ገንዘብ እንዲመድብ ያስገድዳል፤ ባህላዊ አምራቾችን ግን ከዚህ ግዴታ ነጻ ያደርጋል። ትልቁ ድርጅት ድንጋዩን ጨርሶ ሲወጣና ትንንሽ ማኅበራት ሲገቡ ግዴታው በመካከል ይጠፋል። ማኅበራቱን አልወቅስም፤ እነርሱ ሲደርሱ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ነበር። ስለዚህ «ደን ወይስ ቤት» የሚለው ጥያቄ ካባው ከተዘጋ በኋላ ከተነሣ ዘግይቷል። መመለስ ያለበት ፈቃዱ በሚሰጥበት ቀን ነው፤ የትኛው ግድግዳ እንደሚቀር፣ ውሃው በየት እንደሚወጣ፣ ከላይ የተገፈፈው አፈር ሳይሸጥ የት ተከምሮ እንደሚቆይ በዕቅዱ ላይ ይሰፍራል፤ ገንዘቡም በዝግ ሒሳብ ይቀመጣል። የላይኛው አፈር ብቻውን ቢቀመጥ ሞምባሳ በሺ እግር ያገኘችውን እኛ ያለ ልፋት እናገኘው ነበር።

አወያይ፦
የከተማዋ መዋቅራዊ ፕላን ከመሬቱ 30 በመቶው አረንጓዴ እንዲሆን ያስቀምጣል። ካባዎቹ ከዚህ ይቆጠራሉ ወይ?

የከተማ ፕላን ባለሙያ፦
መቆጠራቸውን አልቃወምም፤ የምፈራው ቁጥሩን ለመሙላት ብቻ እንዳይቆጠሩ ነው። በካርታ ላይ አረንጓዴ ተቀብቶ በመሬት ላይ ድንጋይ የሚጫንበት ቦታ ለሁለቱም ወገን አይጠቅምም። ደግሞም ሁሉም ካባ ደን ይሁን የሚል አቋም የለኝም። ከመንገድ ጋር የተያያዘው፣ ውሃ የማያቁረው መጋዘን ቢሆን ይሻላል፤ ከወንዝ ዳርና ከነባር ጥሻ ጋር የሚገናኘው ግን ለእንስሳቱ መተላለፊያ ስለሆነ ለሌላ ነገር ማዋል ኪሳራ ነው።

የድንጋይ ማኅበር አባል፦
አሁን የሚያነጋግር ነገር መጣ። ድሮ የተተዉት ካባዎች ግን ፈቃድ ሰጪም፣ ዝግ ሒሳብም የላቸውም፤ በእነርሱ ላይ የተቀመጥነው እኛ ነን። ተነሡ ከማለት ይልቅ ሥራውን ለእኛ ስጡን። ግድግዳውን በእርከን መክፈል፣ የኩሬውን ዳር በገረጋንቲ መሙላት፣ ጉድጓድ መቆፈር የእኛ ሙያ ነው። ክፍያው ደግሞ በተተከለ ችግኝ ብዛት አይሁን፤ 2 በጋ አልፎ ቆሞ በተገኘው ልክ ይሁን። በተተከለው ልክ ከሆነ እኛም እንደሌላው ተክለን እንሄዳለን።

የካባው ጎረቤት፦
እንዲህ ከሆነ እኔም እቀበላለሁ፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይጻፍ። መጀመሪያ የኩሬው ዳርና አጥሩ፣ ከዚያ ወደ ሰፈሩ የሚያልፈው መንገድ መብራት፣ ዛፉ ከዚያ በኋላ። ከመንገዱ ግራና ቀኝም ጥሻ አይተከል፤ ወይራው ለብቻው ቢቆም ይበቃል፤ ከግንዱ ጀርባ ያለው ይታያል።

የደን ባለሙያ፦
በመንገዱ ላይ ትክክል ነዎት እትዬ። በክፍያው ላይ ግን ማኅበሩ ራሱን እንዳይጎዳ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ጉድጓድ ውስጥ ቀዝቃዛ አየር ተጠራቅሞ ስለሚያድር ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ወለሉ ላይ የሚወርደው ውርጭ ከጉድጓዱ ውጭ ካለው ይከፋል። በትጋት ያጠጡት ችግኝ በአንድ ሌሊት ሊቃጠል ይችላል፤ ያ የሠራተኛው ጥፋት አይደለም። ስለዚህ ከውሉ በፊት የመጀመሪያውን ዓመት ለሙከራ ይስጡት፤ በወለሉ፣ በእርከኑና በአናቱ ላይ እያንዳንዱን ዓይነት ጥቂት ጥቂት ተክለው የትኛው የት እንደሚቆም ይዩ። ክፍያው የሚቆጠረው ከሁለተኛው ዓመት ተከላ ጀምሮ ይሁን፤ የሙከራው ዓመት ደመወዝ ግን ችግኙ ቢሞትም ባይሞትም ይከፈል።